ባትሪው ገባ፣ በያጁ የት አለ?

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቁ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዶላርና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ነበር። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር ከአፍ አፍ ዞረ። አንድ ነገር ግን ማንም ሳያነሳው አለፈ። ያ ሁሉ ኃይል ተሽከርካሪ ወይም አምፖል ጋ ሲደርስ የሚያልፈው የትንሽ ጣት ጥፍር በምታህል የነሐስ ጫፍ ውስጥ ነው። ያቺን ጫፍ ከሽቦው ጋር በስታኞ የሚበይደው ማን ነው? የት ተማረ? ሕዝቡስ ምን ብሎ ይጠራዋል?

ጥያቄው ጎንደር ላይ ሲሆን ይከብዳል። ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ጃናሞራ ገጠር ሲወጣ የመብራት መስመር ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው፤ ሌሊቱን የሚያበራው ሶላርና ባትሪ ነው። ፓኔሉ ከውጭ መጣ፣ ባትሪው ከውጭ መጣ። ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ ግን በጥርስ ተልጦ፣ በጣት ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይታያል። ናስትሮው ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር «ባትሪው ሞተ» ይባላል። ባትሪው አልሞተም። የሞተው መጋጠሚያው ነው፤ ገበሬው ግን አዲስ ባትሪ ለመግዛት በግ ይሸጣል።

በሌላው ዓለም በሪሞት የሚነዳ የባትሪ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መጫወቻ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ኩሬ ላይ የሚያሽቀዳድሙት። እነዚህ ሰዎች ለአንዲት የባትሪ ኮኔክተር አንድ ምሽት ሙሉ ቢሰጡ አይገርምም፤ ጀልባዋ ትንሽ ብትሆንም ሞተሯ 100 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ዙሪያዋም ውኃ ነው። ሒሳቡን ማንም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ደህና የተበየደ መጋጠሚያ ከአንድ ሚሊ ኦም በታች ነው። የተበላሸው አምስት ሚሊ ኦም ቢሆን፣ በ100 አምፔር 50 ዋት ሙቀት እዚያች ጥፍር ላይ ይወጣል። 50 ዋት የመበየጃ ካውያ ራሱ የሚሠራበት ኃይል ነው። ማለትም መጋጠሚያው ካውያ ይሆናል። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ ደግሞ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ መጥፎ ብየዳ ራሱን በራሱ ይፈታል። በ60 ቮልት ባትሪ 3,000 ዋት እየሳበ ዳገት የሚወጣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ 50 አምፔር ያሳልፋል። የጎንደርን ዳገት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለመጫወቻ ጀልባ የሚደረገው ጥንቃቄ ሦስት ተሳፋሪ ለጫነ ባጃጅ አለመደረጉ ሊያሳፍር ይገባል።

ሥራው ደግሞ ምሥጢር የለውም። ሽቦው ይላጣል፣ ክሮቹ ተጠምዝዘው ስታኞ ይጠጣሉ፤ የኮኔክተሩ ስኒም ለብቻው ይጠጣል። ከዚያ ሁለቱ ይገናኛሉ። ካውያው የሚያሞቀው ብረቱን ነው፤ ስታኞውን የሚያቀልጠው የጋለው ብረት ነው። ካውያ ላይ አቅልጦ ጠብ ማድረግ ብየዳ አይደለም። ስታኞው እስኪጠነክር እጅ አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ፊቱ አመድማና ሸካራ ይሆናል፣ ከላይ የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ክፍት ነው። ፕላስቲኩ ለስልሶ ጫፎቹ እንዳይጣመሙ ባትሪ ያልተያያዘበት ጥንዱ ተሰክቶበት ይበየዳል። የባትሪው ሁለት ሽቦዎች አብረው አይቆረጡም፤ አንዱ ተበይዶ ተሸፍኖ ነው ሌላው የሚላጠው፤ የሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ አያስጠነቅቅምና። በባትሪው በኩል የሚሆነው ሁልጊዜ ጫፉ የተሸፈነው ሴቴ ነው፤ ወንዴው ከሆነ አንድ የቁልፍ ዘለላ ቤት ለማቃጠል ይበቃል። ቆርቆሮ በያጆች የሚጠቀሙበት አሲድም እዚህ ቦታ የለውም። ክሮቹ መካከል ሰርጎ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ለኤሌክትሪክ የሚሆነው የዛፍ ሙጫ ያለበት ስታኞ ነው። ይኸው ነው። በሳምንት ይለመዳል፣ በወር እጅ ይሆናል።

ለሚንቀጠቀጥ ተሽከርካሪ ብየዳ ሳይሆን በመሣሪያ መጭመቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ስታኞ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል፣ ስታኞው ባለቀበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል፤ የተበየደውም ቢሆን ከኋላው ታስሮ መደገፍ አለበት። ግን መጭመቂያው ለጫፉ ልክ የተሠራ መሣሪያ ነው። በፒንሳ ጨፍልቆ «ጨመቅኩት» ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሚደረገው ደግሞ ይኸኛው ነው።

ታዲያ ይህን ቀላል ነገር የሚያውቅ እጅ ለምን ጠፋ? መልሱ ከባትሪ በፊት የቆየ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ጥሩ አድርጋ ታውቀዋለች። ከከተማው በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ አለች። የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች የኖሩባት ናት። አገሬው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጀበናውን ከእነሱ ገዛ፤ ሲመሽ ደግሞ «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ» አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስለገባቸው ነው። ወለቃዎች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። እጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ሌላም አለ። ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ብረት ምን እንደሆነ የገባቸው ንጉሥ ነበሩ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን መድፍ አሠሩ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ባለሙያዎቹ አብረው ወጡ። መድፉ እዚያው ቀረ። ዛሬ በየወረዳው ጓሮ ከአንድ ሽቦ የተነሳ ቆሞ አቧራ የሚጠጣ የሶላር ፓምፕ ያየ ሰው ሴባስቶፖልን ለማየት መቅደላ መውጣት አያስፈልገውም።

አሁን ቡዳ የሚል ባይሰማም ስድቡ መልኩን ቀይሯል። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሲቀር «ቴክኒክና ሙያ ገባ» ይባላል፤ ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። እዚያ የገባውም ልጅ ስለ ስታኞ ምርጫ ጥያቄ ያከብባል እንጂ ካውያ የሚጨብጠው በወረፋ ነው። በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ከዩቲዩብ አይቶ የሚለማመደው እንኳ ተዘግቶበት ከረመ። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ አይመጣም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነበር፤ በሬው ግን አልተቀለበም።

ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ ነው ማለትም አያዋጣም። ለባትሪው አሥር ሺዎች ብር የከፈለ ባለባጃጅ ለኮኔክተሩ ብየዳ መቶ ብር ሲጠየቅ «ለዚህች?» ብሎ ይከራከራል። በያጁም ተምሯል፤ የመቶውን ሥራ በሃያ ብር ይሠራዋል፣ በናስትሮም ይሸፍነዋል። ናስትሮ ሥር ያለውን ደግሞ ገዥው አይከፍትም።

«ተዘጋጅቶ የመጣውን ኮኔክተር መግዛት ነው» የሚል አይጠፋም። የትኛውን? የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ከሌላው ቻርጀር ጋር አይገጥምም፤ ገበያ ላይ 60 አምፔር ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ነሐሱ የሳሳ፣ ፕላስቲኩ ካውያ ሲሸተው የሚቀልጥ አስመስሎ የተሠራም አለ። ያንን ለይቶ «ይህን አልሠራበትም» የሚለው የሠለጠነ እጅ ነው።

ሶላርና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ ውሉ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይችላል፦ ከዕቃው ዋጋ ላይ የተወሰነው ለአካባቢው በያጅ ሥልጠናና መሣሪያ ይውላል የሚል። ፈተናውም በወረቀት አይሁን። ሠልጣኙ አሥር ኮኔክተር ይበይድ። ፈታኙ አንዱን በመጋዝ ይሰንጥቅና ውስጡን ይይ፣ ሌላውን በሙሉ ጉልበቱ ይሳብ፣ በቀሩት ላይ 50 አምፔር ለሩብ ሰዓት ይልቀቅና ጣቱን ያሳርፍባቸው። ጣቱን ካነሳ ልጁ ወድቋል። ካላነሳ ስሙና ስልኩ በየባጃጅ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለት፣ መቶ ብሩም ይከፈለው።