ወንበሩ ይተካል፤ ሰውየው ግን አይተካም

ባለፈው ወር በአንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ የማያስመሰግን ሥራ ሠርቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ምሽት አብረውኝ ለጮኹት ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመድረኩ ላይ የነበሩት አምስት ልጆች ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው፣ ሮክን ከአገራችን ቅኝት ጋራ አዋሕደው በየግቢው ዝግጅት የሚጫወቱት የአያት ልጆች ናቸው። ከሦስት ዓመት በላይ አድምጠናቸዋል። በዚያ ምሽት ግን ጊታሩን ይዞ የቆመው አዲስ ሰው ነበር፤ የቀድሞው ጊታር ተጫዋች የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ አገር ሄዷልና። አዲሱ ልጅ የመጀመሪያውን ዘፈን በደኅና ጀመረ። ከአጋማሹ ሲደርስ ግን ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን የጊታር ዜማ ትቶ በሌላ መንገድ ሄደ። ወዲያው ከኋላ አንዱ የቀድሞውን ልጅ ስም ጠርቶ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ የሌለውን ሰው ስም እየጠራ ያለውን ሰው አባረረ። ልጁ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ጊታሩን በቦርሳው ከትቶ ወረደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ልምምድ አልተመለሰም።

አሁን ባንዱ ሊፈርስ ነው ይባላል። ከአባሎቹም ከአድማጮቹም መካከል ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን «ያለ እሱ ባንዱ ባንድ አይደለም፤ ይዘጋ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «አይዘጋም፤ ግን እሱን ቁርጥ አድርጎ የሚጫወት ሰው ይፈለግ» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ወንበሩንና በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለይተው አላዩም።

ይህን ስል የሄደውን ልጅ ማሳነሴ አይደለም። በእኛ ሙዚቃ የጊታር ሥራ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ድምፃዊው ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለ ጊዜ የሚመልስለት ጊታሩ ነው፤ ማሲንቆው ለአዝማሪው እንደሚመልስለት ማለት ነው። ትዝታ ቢሆን፣ ባቲ ቢሆን፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ቢሆን፣ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ አንዱን ተጫዋች ከሌላው የሚለየው ድምፁን የሚያቆይበት፣ የሚያዘገይበት፣ የሚያንቀጠቅጥበት የራሱ ጠባይ ነው። ስለዚህ ጊታር ተጫዋች ሲሄድ አንድ መሣሪያ ጐደለ አይባልም፤ ከጨዋታው አንድ ተናጋሪ ተነሣ ይባላል እንጂ። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው። የምጠይቀው ይህን ናፍቆት ይዘን በማን ላይ እንደምንጮኽ ነው።

የእኛ አገር ባንዶች ይህን ፈተና ከእኛ በፊት አይተውታል። (ከዚህ በታች የማነሣው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በሂልተን ሆቴል የተጫወተውን ዋልያስ ባንድን እንመልከት። በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ ያወጣው ይህ ባንድ በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፤ ከፊሎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። እዚህ ላይ የጐደለው አንድ ወንበር አይደለም፤ የቤቱ እኩሌታ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሸክላ ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማ ዛሬ አዲስ አበባን ረግጠው የማያውቁ የውጭ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ሰዎቹ ቢለያዩም ዜማው ሌሎች ሊቀመጡበት የሚችሉ ወንበር ሆኖ ቀረ።

ለጊታር ወዳጆች ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። አቶ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም በአይቤክስ ባንድ፣ አይቤክስም ሮሃ ከተባለ በኋላ በሮሃ ባንድ የሊድ ጊታሩን ወንበር የያዙ ሰው ናቸው። አይቤክስ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረ፣ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ከማሕሙድ አሕመድ ጋራ የሠራ ባንድ ነው። ሮሃም በ1980ዎቹ በየቤታችን የገቡትን እጅግ ብዙ የዘፈን ካሴቶች አጅቧል። አቶ ሰላም የዩኒቨርሲቲያችንም ተማሪ ነበሩ። በ1988 በታሪክ ክፍል ለመጀመሪያ ዲግሪ ያቀረቡት ጽሑፍ ዘመናዊው ሙዚቃ በኢትዮጵያ ከ1896 እስከ 1974 እንዴት እንደ ተጀመረና እንዳደገ የሚመረምር ነው። እንግዲህ በጣታቸው የሚያውቁትን በካሴት፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት የሠሩትንም በጽሑፍ አኖሩልን ማለት ነው። እሳቸውም በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከከተማችን የምሽት ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ፣ ያ ካሴት ሲወጣ ገና ያልተወለደ ወጣት ያን የጊታር ዜማ በልቡ ይዞ ሲጫወት ትሰማላችሁ። በእሱ ላይ «ሰላም ሥዩም! ሰላም ሥዩም!» ብሎ የሚጮኽ ማንም የለም። ቢጮኽበት ኖሮ ዜማው ከካሴቱ ጋራ በተቀበረ ነበር።

ከባሕር ማዶም ሦስት ባንዶችን እናንሣ፤ የወጣታቸው ጩኸት ከእኛ የበረታ ነበርና።

የእንግሊዙ ፒንክ ፍሎይድ በ1968 መጀመሪያ ሲድ ባሬት በጤና መታወክ ምክንያት መጫወት እያቃተው ሲሄድ፣ ዴቪድ ጊልሞርን አስገባ። ጊልሞር በኬምብሪጅ ከባሬት ጋራ አብሮ ጊታር የተለማመደ ጓደኛው ነበር። በመጀመሪያ የባሬትን ቦታ እንዲሸፍን ነበር የተፈለገው፤ ስመ ጥር የሆነው ግን የራሱን ረጅምና የረጋ ድምፅ ባገኘ ጊዜ ነው። ባንዱም ባሬትን አልረሳውም፤ በ1975 ያወጣው አልበም በአብዛኛው የእሱ ናፍቆት ነው። ተተኪ መቀበልና የሄደውን ማስታወስ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ሮሊንግ ስቶንስ በሰኔ 1969 ብራያን ጆንስን አሰናብቶ የ20 ዓመቱን ሚክ ቴለርን ተካ። ጆንስ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞተ። ከሞተ ከሁለት ቀን በኋላ ሐምሌ 5 ቀን ባንዱ በለንደን ሃይድ ፓርክ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት ቀረበ። ያ ወጣት የሟቹን ወንበር ይዞ በለቀስተኛ ፊት ሲቆም ምን እንደ ተሰማው አስቡት። ቴለር ጆንስን አልቀዳም፤ የራሱን የብሉዝ አጨዋወት አመጣ። እሱም በ1974 መጨረሻ ሲለቅ ሮኒ ዉድ ገባ። ነገር ግን ዉድ ለብዙ ዓመታት በደመወዝ ያገለግል ነበር እንጂ እንደ ሌሎቹ ባለ ድርሻ አልነበረም። ይህን ክፍል አልወደውም። ለሰው ወንበር ሰጥቶ ድርሻ መንሣት ጐዶሎ መተካት ነው።

ሌድ ዜፕሊን ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ድራም መቺው ጆን ቦናም በመስከረም 1980 ሲሞት የቀሩት ሦስቱ በታኅሣሥ ወር ያለ እሱ እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። «ይዘጋ» የሚለው ወገን ይህን ምሳሌ ሊጠቅስብኝ ይችላል። እኔም ክብር እሰጠዋለሁ። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። ያ ውሳኔ የተወሰነው በአባሎቹ ነው፤ ከመድረኩ ሥር ሆኖ በጩኸት ያስወሰናቸው አድማጭ የለም። የአያት ልጆችም ተማክረው፣ ይበቃናል ብለው ቢዘጉ መብታቸው ነው። እኛ አባረን፣ እኛው አስፈርሰን፣ ደግሞ «ያለ እሱ አይሆንም አላልንም?» ብንል ግን ይህ ፍቅር አይባልም።

ይህን ሁሉ ለመረዳት የግድ ለንደን መድረስ አያስፈልግም። አያቶቻችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል። በጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን ተመልከቱ። የድጓ መምህር ለመሆን የፈለገ ሁሉ ለማስመስከር የሚሄድባት ቦታ ናት። የኔታ ሲያርፉ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ከደቀ መዛሙርቱ የተመሰከረለት ይቀመጥበታል። የአዲሱ የኔታ ጉሮሮ እንደ ቀድሞው የኔታ አይደለም ተብሎ ጉባኤው አይበተንም። ለምን ቢባል ዜማው በምልክት ተጽፏል፤ ተማሪውም ወንበሩ የሚጠይቀውን ዕውቀትና ሰውየው የተሰጠውን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ዕውቀቱ ይወረሳል፤ ድምፁ ግን ከሰውየው ጋራ ያልፋል።

የእኛ ባንዶች ድካም እዚህ ላይ ነው። የተጻፈ ነገር የላቸውም። የሄደው ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈጠረው በእሱ ጣትና በእኛ ጆሮ ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ አዲሱ ልጅ የተጠየቀው ያልተሰጠውን መጽሐፍ እንዲያነብ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገር እንዲደረግ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የሄደው ወንድማችን ሩቅ ቢሆንም በስልክ መቅዳት አይሳነውም። የእያንዳንዱን ዘፈን የጊታር ክፍል ለብቻው ቀድቶ ይላክ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸውና በኖታ ይጻፉት። ያን ጊዜ ወንበር አለን ማለት እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ባንዱ ለአዲሱ ልጅ ግዴታውንም መብቱንም ያስታውቀው። ግዴታው የቀድሞውን ሁሉ አጥንቶ መጫወት መቻል ነው፤ የማያውቁትን መለወጥ ድፍረት ነውና። መብቱ ደግሞ ካወቀው በኋላ በየዘፈኑ የራሱን ቃል የሚናገርበት ቦታ ማግኘት፣ በአዲስ ዘፈንም ከሌሎቹ እኩል ስሙ መጻፍ ነው። በዚያ ምሽት ምናልባት ልጁ ቸኩሎ ይሆናል። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? እኛ ግን አንድ ዘፈን እንኳ አልታገሥነውም።

ሦስተኛው የእኛ የአድማጮች ነው፤ ከሁሉም ይከብዳል። ናፍቆታችንን በሌላ ሰው ላይ ድንጋይ አድርገን አንወርውር።

ባለፈው ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቅ በባቡር ወደ አያት ሄጄ ነበር። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርጄ ጥቂት እንደ ተራመድሁ ልጆቹ የሚለማመዱበት የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይገኛል። በሩ ተቆልፎ አገኘሁት። ከበሩ አጠገብ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት አሉ። ስኒ ተቀብዬ ተቀመጥሁና ስለ ልጆቹ ጠየቅኋቸው።

«ያ ቀጭኑ ልጅ ሄደ መሰለኝ» አሉኝ።

«እንዴት ዐወቁ፣ እማማ? ነግረውዎት ነው?»

«ማን ይነግረኛል ልጄ! በግድግዳው እሰማ የለም እንዴ? ያኛው ሲመታ ያለቅስ ነበር። ይኸኛው ደግሞ የሚጠይቅ ይመስላል። ምን እንደሚጠይቅ ገና ሳልሰማው ዘጉብኝ።»

እኚህ እናት በዕድሜያቸው የሮክ ምሽት ገብተው አያውቁም። ግን አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ያቃተንን ሠርተዋል። ሁለቱን ለይተው ሰምተዋል፤ አንዱን ስለ ወደዱ ሌላውን አልጠሉም፤ የሚቈጫቸውም የአዲሱን ነገር እስከ መጨረሻው አለመስማታቸው ነው።

እኛ በየክፍላችን ስለ ለውጥ ስንከራከር እንውላለን። አሮጌው ትውልድ ቦታ አይለቅም፣ ወጣቱን አያምንም እያልን እናማርራለን። አንድ ወጣት በእኛው መድረክ ላይ ቦታ ሲረከብ ግን ከሽማግሌዎቹ ይልቅ የጨከንን እኛ ሆነን ተገኘን። አብሮ መኖርና ሥራን መቀባበል የሚለመደው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው፤ በአንድ ጊታር ወንበር ላይ ያልታየ ትዕግሥት በትልቁ ወንበር ላይ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ልጁ እሺ ብሎ ከተመለሰና ባንዱ ዳግመኛ መድረክ ላይ ከወጣ፣ ሦስት ዘፈን ያህል ዝም ብለን እናድምጠው። ከዚያ በኋላ ካልወደድነው አለማጨብጨብ መብታችን ነው። የሄደው ልጅ ስም የሚጠራበት ቦታም ይኑር፤ ባንዱ ከመድረክ ሲያመሰግነው ያን ጊዜ አዳራሹ እስኪነቃነቅ እንጥራው።

እኔ በሚመጣው ቅዳሜ እንደ ገና ወደ አያት እሄዳለሁ። በሩ ተከፍቶ ካገኘሁት ለልጁ የምለው አለኝ። ተቆልፎም ከሆነ ከእማማ አጠገብ ቡናዬን እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ምሽት ጯኺዎች አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ቢኖር፣ በባቡሩ ውስጥ ቦታ አይጠፋም።