ኦቾሎኒው ሲከለከል ሰማን፤ ሲፈቀድስ ማን ነገረን?

በስደት ምድር ለክርስትናም ሆነ ለልደት በተጠራንበት ቤት ሁሉ አንድ ጨዋታ አይጠፋም። «አገር ቤት እኮ አለርጂ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር!» ይላል አንዱ። እዚያው ጥግ ላይ አንዲት እናት ልጇ ኦቾሎኒ አፉ እንዳያስገባ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች።

ጨዋታው የናፍቆት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አስም ከጅማ ዙሪያ ገጠሮች ይልቅ በጅማ ከተማ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አሜሪካ የሚኖሩ፣ በዘር የሚቀራረቡ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችን አነጻጸረ። ከላምና ከፈረስ ጋር በሚያድጉት የአሚሽ ልጆች ዘንድ አስም 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እርሻቸው በትልልቅ ማሽን በሚካሄደው በሁተራይቶቹ ዘንድ ግን ወደ 21 በመቶ ነበር። ጨቅላው ገና በጠዋቱ ከአካባቢው የሚያገኛቸው ረቂቅ ተሕዋስያን የሰውነቱን መከላከያ ጠላትን ከእንግዳ መለየት ያስተምሩታል።

ይህን ስንል ቆሻሻ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ሕፃናት በተቅማጥ ሲረግፉ ያየን ሰዎች ንጹሕ ውሃን አናጣጥልም።

እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነው። በ2000 የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ ለአለርጂ ይበልጥ የተጋለጡ ልጆች እስከ 3 ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ መከረ። በ2008 ምክሩን አነሳ። በዚያው ዓመት ጌዲዮን ላክና ባልደረቦቹ የአይሁድ ልጆችን ቢያነጻጽሩ፣ ኦቾሎኒ በጨቅላነት ከሚቀመስባት እስራኤል ይልቅ በብሪታንያ አለርጂው አሥር እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ደግሞ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ጨቅላዎችን የተከታተለው ጥናታቸው ወጣ። 5 ዓመት ሲሞላቸው አለርጂው የያዛቸው ከተከለከሉት 17 በመቶው፣ ከበሉት ግን 3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ምክሩ ለካ የፈሩትን ነገር የሚጠራ ነበር!

የመንግሥት ጋዜጣ ስናዘጋጅ መመሪያው ፊት ገጽ ላይ ይወጣ ነበር፤ ማረሚያው፣ ከወጣም፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ። ይህንን ጥፋት እኛው ሠርተነዋልና እናውቀዋለን። ክልከላውን ከአፍ ወደ አፍ ያዳረሱት ሬዲዮኖቻችንና ማኅበሮቻችን ዛሬ እርማቱን በአማርኛ ለመናገር ምን ያዛቸው?

በ2017 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ፣ ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ሐኪም አይቶት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ኦቾሎኒ እንዲጀምር ይላል። ሙሉ ፍሬው ሕፃን ያንቃል፤ የሚሰጠው ልሞ፣ በውሃ ወይም በጡት ወተት ቀጥኖ ነው።