ሰጠ ወይስ ሸጠ?

«ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። በ«ሰ» አናት ላይ በምትቀመጥ አንዲት ጭረት። አንድ የአማርኛ ዜና በ11 ፒክስል ተጽፎ ሲቀርብልን ያቺ ጭረት የለችም ማለት ይቻላል። ሰውዬው መሬቱን ሰጠ ወይስ ሸጠ? ለማወቅ አፍንጫችንን ስክሪኑ ላይ እንለጥፋለን።

ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። ጥፋቱ የላቲን ፊደል የሚነበብበትን መጠን ለግዕዝ ፊደል ሰፍተው፣ ያንንም በፒክስል የቸነከሩት የድረ ገጽ ሠሪዎቻችን ነው።

ከመካከላችን የአንዱ አባት ዓይናቸው ደክሟል። ኮምፒውተራቸው ላይ የብራውዘሩን የፊደል መጠን ከተለመደው 16 ወደ 24 ከፍ አደረግንላቸው። እንግሊዝኛው ገጽ ታዘዘ። አማርኛው ዜና ግን ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ቀላል ነው፤ በፒክስል የተጻፈ መጠን የአንባቢውን ምርጫ አይሰማም። በኤም ወይም በሬም የተጻፈው ግን ከአንባቢው ምርጫ ጋር አብሮ ያድጋል።

«ዙም አለ አይደል እንዴ?» ይሉናል። አለ። ግን አባታችን አንድ ጊዜ የመረጡትን በየድረ ገጹ እየዞሩ እንደገና የሚለምኑት ለምንድን ነው?

«ብራውዘሮች አይደግፉትም» የምትለዋ ሰበብማ አርጅታለች። ድሮ እውነት ነበረባት። ኤም ሲደራረብ ያስቸግራል፤ 0.8 በ0.8 ውስጥ ሲገባ 0.64 ይሆንና ዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር ጉንዳን ያክላል። ሬም መጠኑን ሁሌም ከገጹ ሥር ስለሚለካ ይህን ችግር ፈታው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እንኳ በ9ኛ እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሬምን ተቀብሏል። ያ ብራውዘር ራሱ በ2022 ጡረታ ወጥቷል። ሰበቡ ግን አሁንም ደመወዝ ይበላል!

እርግጥ ነው፣ መለኪያዎቹ ሲሠሩ እኛን ያሰበን የለም። «ኤክስ» የተለካው በላቲኑ ትንሽ ኤክስ ቁመት ነው፤ «ሲኤች» በዜሮ ስፋት፤ «አይሲ» ደግሞ ውሃ በሚለው የቻይና ፊደል። በ«ሀ» የተለካ የለም። ኤምና ሬም ግን የማንም ፊደል አይደሉም፤ መነሻቸው የፊደሉ መጠን ነው። ስለዚህ የኛም ናቸው።

እንግዲህ ጎበዝ፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጽሑፉን በሬም ጻፉ። የገጹን ሥር በ10 ፒክስል አትቆልፉ፤ ሥሩ ከተቆለፈ ሬሙም ዋጋ የለውም። የመስመር ክፍተቱንም 1.7 ብላችሁ ያለ ፒክስል ተዉት፤ አለዚያ ፊደሉ ሲያድግ መስመር በመስመር ላይ ይወጣል። ከዚያ ብራውዘራችሁን 24 ላይ አድርጋችሁ የገዛ ገጻችሁን አንብቡ።

የመምረጥ መብቱን ለአንባቢው ስጡ። «ስጡ» ነው ያልነው። «ሽጡ» ብላችሁ ካነበባችሁት፣ ፊደሉ አንሷል ማለት ነው።