ይዛችሁ ውጡ፣ ዋጋችሁን ግን አታርክሱ!

ወገኖቼ፣ የእንቁጣጣሽ ባዛር እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ተከራይታችሁ የእጅ ሥራችሁን ልትሸጡ ያሰባችሁ፣ ነጠላም ይሁን ጋቢ፣ ሰፌድም ይሁን የቆዳ ቦርሳ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የሚገጥማችሁን ልንገራችሁ። አንዷ መጥታ ጥለቱን ዳሰስ ታደርግና «ስንት ነው?» ትላለች። ስትነግሯት «እንዴ! እዚያ ጋ እኮ በግማሽ ዋጋ አለ!» ትላችኋለች። እዚያ ጋ ያለው ከውጭ በጥቅል የገባ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ጨርቅ ነው። ያኔ ትደነግጡና ዋጋ መቀነስ ያምራችኋል። አትቀንሱ!

ይልቅ ጨርቁን ገልብጡላት። የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ በእጅ የተጠለፈው ግን ክሩ በጀርባም ይታያል። ከዚያ ሥራውን ንገሯት፤ ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ ስንት ቀን ፈጀ። እንዝርትና መወርወሪያ ጠረጴዛው ላይ አኑሩ። ሰው አንስቶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ወሬው ሲጥመው ይገዛል።

ሒሳቡን ከቤት ሠርታችሁ ውጡ። ለምሳሌ አንድ ጋቢ 4 ቀን ከፈጀባችሁና የቀን ድካማችሁን 500 ብር ካላችሁት፣ ድካሙ ብቻ 2,000 ብር ነው። ክር፣ ትራንስፖርትና የጠረጴዛ ኪራይ ገና አልተቆጠረም። በ1,800 ከሰጣችሁት ሸጣችሁ አይባልም፤ ከኪሳችሁ ጨምራችሁ መረቃችሁ እንጂ። ዋጋውን ጽፋችሁ ለጥፉ። ዝርዝር ብር ያዙ። ጋቢ ለመግዛት አቅም ላጣ ደግሞ ትንንሽ ነገር አዘጋጁ፣ ባዶ እጁን አይሂድ።

ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ተረክባችሁ የምትሸጡም አላችሁ። ልብ በሉ፤ እናንተ «እሺ ይሁን» ብላችሁ በቀነሳችሁ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀነሰው ከሸማኔው ነው። ከዶርዜ ደጋ ሙያውን ይዞ የመጣ ሰው፣ ልጁ ሙያውን ቢሸሽ ይፈረድበታል?

ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየናቅን በሠሩት ስንለብስ፣ ስናርስና ስንበላ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዛሬ በአደባባይ የሚሳደበው ቀንሶ ይሆናል። ንቀቱ ግን «ለአንድ ጨርቅ ይሄን ያህል?» በሚለው ውስጥ ተደብቆ አለ።

ገዢዎችም ስሙ! ለዓድዋ በዓል ጥለት ለብሳችሁ ፎቶ ትለጥፋላችሁ። ያማረ ነገር ነው። ግን ያ ጥለት ከየት መጣ? የታተመውን ለብሶ ስለ አገር መፎከር፣ በተበደሩት ፈረስ እንደመሸለል ነው። ዓመት ሙሉ ጠብቃችሁም ቢሆን አንድ እውነተኛ ግዙ። አቅም ካነሰ ስትከራከሩ አክብራችሁ ተከራከሩ፣ ሥራውን አታጣጥሉ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን በየመድረኩ እንተርታለን። ድሩን የሚያደራው ሰው ግን መጀመሪያ በልቶ ይደር። ባዛር ላይ እንገናኝ!