ኑዛዜ በጤና ሳሉ ይጻፍ

የገጠሩ አባወራ ብዙውን ጊዜ ኑዛዜ የሚናገረው ሕመም ከጸናበት በኋላ ነው። ሽማግሌ ይጠራል፤ «በሬው ለእገሌ፣ ላሟ ለእገሊት» ይላል። በሻሸመኔ አጠገብ በምትገኘው በኩየራም ሆነ በሌላው ገጠር ያሉ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ግን ይህ ቃል በሕግ ፊት አቅሙ አነስተኛ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገር የቃል ኑዛዜን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በቃል የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ገንዘብ ዛሬ እንኳን በሬ በግም አይገዛም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ ኑዛዜው በጽሑፍ ይስፈር። በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጽ፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙ ወይም የጣት ምልክት ያኑሩ።

ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ንብረት እኩሌታው የሚስት ስለሆነ ባል የሚናዘዘው በራሱ ድርሻ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለም ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ትወርሳለች። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለወራሽ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ይህም በገጠር መሬት አዋጅ ስለሚመራ አስቀድሞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማኅበር መሪዎች ይህን በየስብሰባው ሊያስረዱ ይገባል። አባት ከተቀበረ በኋላ ወንድማማችን ለማስታረቅ ከመድከም፣ አባት በጤና ሳለ ጸሐፊና ምስክር ማቅረብ ይቀላል።