አሸንዳ ምን በደለች?

ባለፈው ሰኔ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ወጣቶች አንዱን «አሸንዳ አለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጥቂት እንኳ ሳያመነታ በጣቱ ወደ መንገዱ ማዶ ጠቆመኝ። ማዶው የቆርቆሮ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁም ሜትሩን አንሥቶ «ስንት ሜትር ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ባለ ሱቁ አልተሳሳተም። አሸንዳ የጣራ ውሃ መውረጃም ስም ነውና ቆርቆሮ ነጋዴ ሌላ ምን ይበል? እኔን የቆረቆረኝ የችግኝ ሻጩ ነገር ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር ቢጓዝ በየመንገዱ ዳር፣ በየገደሉ አፋፍ አሸንዳ ቆማ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን እግሩ ሥር የደረደረው ፔቱኒያ፣ ጀራኒየምና ዳሊያ ብቻ ነው። ለእሱ አሸንዳ አበባ አይደለችም። አበባ ማለት ስሙ ለአፍ የሚከብድ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ነው።

ይህን የልጁ ጥፋት አድርጌ አላየውም። ነጋዴ የሚሸጠው ገዢ የሚጠይቀውን ነው። ጥፋቱ የእኛ የገዢዎቹ ነው፤ የዛሬው ጠብም ከእኛው ጋር ነው።

በመጀመሪያ ተከሳሿን ላስተዋውቅ። አሸንዳ በደጋው የምትበቅል፣ ዓመት ከዓመት ከሥሯ እየታደሰች የምትኖር ተክል ናት። በአንዳንድ ቦታ አበልቢላም ይሏታል። ቅጠሏ ረጅምና እንደ ጎራዴ የተሳለ ነው፤ ከመካከሉ ቀጥ ያለ አገዳ ይወጣል፤ በአገዳው ጫፍ ላይ ደቃቅ ቱቦ የመሰሉ አበቦች ተጠጋግተው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ሆነው ይፈካሉ። በጭጋግ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩአት ሜዳው ላይ ጧፍ የተተከለ ይመስላል። እንግሊዞች የዚህችን ወገን አበቦች በእሳት የጋለ የብረት መቆስቆሻ ብለው ይጠሯቸዋል። እኛ ጧፍ ያየንበትን እነሱ የምድጃቸውን ብረት አዩበት፤ ሁሉም በቤቱ ባለው ነገር ይመስላል።

በሳይንስ ስሟ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ትባላለች። ይህን ስም ሆክስቴተር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ የሰጣት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ነው። የዚህ ወገን ሰባት ያህል ዝርያዎች በኢትዮጵያ ሲገኙ፣ አብዛኞቹ ከዚህ ምድር ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅሉ ናቸው፤ የእኛዋ አሸንዳም ከነዚህ አንዷ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ ጀምራ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ ትገኛለች። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ፣ ክረምት በረዶ ለምዳ የኖረች ናት። ታዲያ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ለተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ከእሷ የሚሻል አበባ ማን ሊያመጣ ነው?

የምናመጣውንማ እናውቃለን። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሆቴል በር ላይ በየዓመቱ የማየው ትርዒት አለ። መስከረም ላይ መደቡ በፔቱኒያ ይሸለማል። ጥቅምት ተጋምሶ ውርጩ ሲጀምር አበባው በአንድ ሌሊት እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይወድቃል። አትክልተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ ይነቅለዋል። ደግሞ ሌላ ይተከላል፤ ደግሞ ይጠቁራል። ውሃው፣ ጉልበቱ፣ ገንዘቡ ይፈሳል። ሆቴሉስ ይሁን፣ የራሱን ገንዘብ ነው የሚበትነው። የከተማ አደባባይና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲሆን ግን የሚበተነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ትናንት የጀመረ ይመስል በየዓመቱ በውርጭ እንደነቃለን።

እዚህ ላይ «ይህ ሰው የውጭ ጠል ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለሁም። የምበላው ወጥ በርበሬው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በቆሎውም፣ ድንቹም እንዲሁ። የውበት ዜግነት መርማሪ የመሆን ፍላጎት የለኝም፤ የእናቴ ቤት መስኮት ላይም ጀራኒየም አለ። እንዲያውም አንድ ታሪክ ልጨምር። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 አገራችን ገብቶ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚሁ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ዐረፈ። ከተራሮቻችን ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ የብዙ የአገራችን ዕፅዋት ስም በእሱ ስብስብ ላይ የቆመ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባውም ይኸው ሰው ነው ይባላል። ልውውጡ መልካም ነበር። ጉድለቱ በእኛ በኩል ነው፤ ድንቹን በልተን አበባችንን ረሳን።

መርሳት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ማፈርም አለበት። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው ሆነናል። በየሠርጉ የምንሸለምባትን ነጭ ካላ ሊሊ እዩ። የሳይንስ ስሟ «ኤቲዮፒካ» ይላልና የእኛ ናት ብሎ የሚኮራ አጋጥሞኛል። የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት፤ የጥንት ፈረንጅ የአፍሪካን ምድር በጅምላ ኢትዮጵያ ይል ስለነበር ነው ስሙን የተሸከመችው። ስሟ የእኛ፣ እሷ የሌላ የሆነችውን በክብር እንተክላለን። እሷ የእኛ፣ ስሟ የፈረንጅ የሆነችውን ግን እንረግጣለን።

ጽጌረዳውም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅለው ብቸኛዋ የዱር ጽጌረዳ የእኛዋ ቀጋ ናት። አገራችን ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአውሮፕላን እየጫነች አበባ ለአውሮፓ ገበያ ታቀርባለች፤ ከሁሉ የሚበዛውም ጽጌረዳ ነው። ዝርያው በውጭ አገር የተዳቀለ ነው። ንግድ ነው፣ ይሁን። ቀጋ ግን እስከ ዛሬ እረኛ ፍሬዋን የሚለቅምባት የአጥር እሾህ ናት እንጂ ግቢ ገብታ «ነይ ተቀመጪ» የተባለችበትን ቀን አላየሁም።

ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ። የዚህ አገር ሰው ከተማው በዓለም የዕፅዋት መጻሕፍት ውስጥ እንደሚጠራ ቢያውቅ ምን ይል ይሆን? ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚበቅል የሬት ዝርያ አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በከተማዋ ስም «አሎ ደብራና» ተብሏል። አንኮበርም የራሷ አላት። ከገደል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚያብብ ሬት በ1997 «አሎ አንኮበረንሲስ» ተብሎ ለዓለም ተዋወቀ። ስም ሰጪዎቹ ማይክል ጊልበርትና የእኛው ሰው ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ሁለት ከተሞች በሁለት አበቦች ስም የዓለም መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ በሁለቱ ከተሞች መናፈሻ ግን ሁለቱን አበቦች ፈልጌ አላገኘሁም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንኮበር መንገድ ላይ አንድ ገበሬ የማሳውን ጠርዝ ሲቆፍር አሸንዳዎቹን እየነቀለ ሲጥል አገኘሁትና ሦስት ጉንድ ለመንኩት። «ከብት የማይበላውን ምን ልታደርግ?» ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ። ደብረ ብርሃን አምጥቼ እናቴ በር ላይ ተከልኳቸው። በማግሥቱ የጎረቤታችን እትዬ መጥተው ቆመው ተመለከቱ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ለምን ይሆናል? ለሆድ ቁርጠት ነው?»

«ለምንም አይደለም እትዬ፤ ለማየት ነው።»

«ለማየትማ ሜዳው አለልህ! ጤናም የለህ?»

እትዬ ስለ ቁርጠቱ አልተሳሳቱም። ሥሯ ለሆድ ሕመም በባህል ይወሰዳል። ኬሚስቶችም ቢሆኑ ንቀው አላለፏት፤ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 «ክኒፎሎን» የተባለ ውህድ ከእሷ አውጥተው ለዓለም አሳውቀዋል። ነገር ግን የእትዬ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። የውጭው አበባ ለምን ይሆናል ተብሎ አይጠየቅም፤ ማማሩ ይበቃዋል። የአገር አበባ ግን ግቢ ለመግባት ወይ መድኃኒት መሆን አለበት፣ ወይ መብል። ቆንጆ መሆን ብቻውን ለእሷ አይፈቀድላትም። ይህ ሚዛን ከየት መጣ? ቆንጆውን ሁሉ ከውጭ፣ ጠቃሚውን ሁሉ ከውስጥ የሚጠብቅ ዐይን፣ ነገ ልጆቹንም በዚሁ ሚዛን ነው የሚያያቸው።

«ሜዳው አለልህ» የሚለው ክርክር ግን ቁም ነገር አለውና ልመልስ። አዎ፣ አሸንዳ ዛሬ የጠፋች አበባ አይደለችም። ከብት ስለማይነካት በተጋጠ ሜዳ ላይ እንዲያውም ትበረታለች፤ እረኛና ገበሬ ቢጠሏት አይፈረድባቸውም። ይሁንና ሜዳው ራሱ የት እየሄደ ነው? ማረሻው በየዓመቱ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ ይከተለዋል። የመንዝ ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ነው። የጓሳን ሜዳ በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ተጀመረ በሚነገርለት የቀሮ ሥርዐት እየዘጋና እየከፈተ፣ ሣሩ እስኪያገግም ዓመታት እየጠበቀ ኖሯል። ሥርዐቱ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ተናግቶ ነበር፤ ዛሬም ግን ጓሳ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ያ ሕዝብ ሣርን የመሰለ ተራ ነገር ጠብቆ፣ ከሣሩ ጋር ጭላዳውንም፣ ቀይ ቀበሮውንም፣ አሸንዳውንም ለእኛ አደረሰ። በየሜዳው አለ ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ በየሜዳው አይኖርም ነበር።

ለመትከል ለሚፈልግ የደረሰብኝን ልንገር። ከሦስቱ ጉንዶች አንዱ በመጀመሪያው ነሐሴ በሰበሰ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ቋጥሮ እንደሚያድር እያወቅሁ በጎድጓዳ ቦታ ቀበርኩት። አሸንዳ ብርዱን ትችላለች፤ አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ መቆምን ግን አትችልም። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ከሥሩ ድንጋይና አሸዋ አልብሱት፣ ጉንዱን ከአፈሩ ወለል በታች አታስጥሙት። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሁን። በአንዱና በሌላው መካከል የአንድ ክንድ ተኩል ርቀት ይኑር። ጊዜው ሰኔ ነው። የደረቀውን ቅጠል ቶሎ አትቁረጡ፤ በውርጭ ወራት ለልቧ ጋቢ ነው። ከበረታች በኋላ በየአራትና አምስት ዓመቱ ጉንዷን ከፋፍሎ ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል።

አንድ ነገር አደራ፤ ከዱር ከነሥሯ ነቅላችሁ አታምጡ። ፍሬው አገዳው ላይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ዘሩን ልቀሙ፤ በደቃቅ አፈርና አሸዋ ላይ በትናችሁ በስሱ አልብሱት። መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ታያላችሁ፤ አበባው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመጣል። መታገሥ የማይችል ሰው ፔቱኒያውን ይትከል፤ ጥቅምት ሲደርስ ግን ለእኔ አያልቅስ።

ለከተማ አስተዳዳሪዎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለባለ ሆቴሎች የምለው አጭር ነው። በየክረምቱ ችግኝ ተከልን ስትሉ እንሰማለን፤ የችግኝ ጣቢያችሁ ውስጥ አንድ መደብ ለአገር አበባ ስጡ። አንድ መደብ አሸንዳ፣ አንድ መደብ ሬት፣ ከአጥሩ ጋር ቀጋ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የአገሩን ውርጭም የአገሩ አበባ ይቋቋመው።

የእናቴ በር ላይ የተረፉት ሁለቱ ዘንድሮ አምስት አገዳ አወጡ። የአበባ ማር የምትጠጣ ጥቁር ሰማያዊ ወፍ ማለዳ ማለዳ እየመጣች አገዳው ላይ ትንጠለጠላለች። እትዬም አልፎ አልፎ ይቆማሉ። ስለ ቁርጠት መጠየቁን ትተዋል፤ እስካሁን ግን አምሯል አላሉኝም።

እኔ ዘሩን ለቅሜ በጣሳ ዘርቻለሁ። ሰኔ ሲመጣ የበቀለውን ይዤ ወደዚያ ችግኝ ሻጭ ወጣት እሄዳለሁ። ዋጋውን እሱ ይቁረጠው። ቀጥሎ አሸንዳ ፈላጊ ሲመጣበት ግን ጣቱን ወደ ማዶ ከመቀሰሩ በፊት ወደ እግሩ ሥር ይመልከት።