መቶ ፓውንድ የተቈረጠለት የፉልሃም ልጅ

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ዐይነት ነው። እገሌ ስንት ይከፈለዋል? ለእገሌ ጭማሪ ተፈቀደለት፤ እኔን ግን አለቃዬ ረሳኝ። ገና በትምህርት ቤት ያላችሁትም ብትሆኑ ነገ የሚጠብቃችሁ ይኸው ነውና አትሣቁ። ዛሬ በዚህ ዐምድ የማነሣላችሁ የኳስ ታሪክም ከደመወዝ ታሪክ ጋራ የተጣመረ ነው። ባለ ታሪኩ ጆኒ ሄይንስ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ኳስ ተጫውቶ በሳምንት መቶ ፓውንድ ለማግኘት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር።

በአሁኑ ዘመን የእንግሊዝ ዝነኛ ተጫዋች በሳምንት ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚቈጠርለት እየሰማን፣ መቶ ፓውንድ ምን ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። የመቶው ነገር የሚገባን ግን ከመቶው በፊት የነበረውን ስናውቅ ነው። ቀድሞ ስለ ሰውዬው ጥቂት ልበል።

ጆኒ ሄይንስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1934 በለንደን ከተማ ኬንቲሽ ታውን በተባለው ሰፈር ተወለደ። ያደገው ኤድመንተን ውስጥ ነው። ይህ ሰፈር ለቶተንሃም ቅርብ ነው፤ አርሰናልም ቢሆን እምብዛም አይርቅም። እንግዲህ ኳስ የሚችል የኤድመንተን ልጅ ከሁለቱ ታላላቅ ክለቦች አንዱን ይመርጣል ብሎ ማሰብ የተገባ ነበር። እርሱ ግን ከተማውን አቋርጦ በምዕራብ በኩል በቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው ወደ ፉልሃም ሄደ። ምክንያቱም ጓደኛው ቶሽ ቻምበርሌን በዚያ ስለ ነበረ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ቤት አንዳንድ ጊዜ የሚመርጠው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

በ1950 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተማሪዎች ቡድን የስኮትላንድን ተማሪዎች በዌምብሊ ሜዳ 8 ለ 2 ሲያሸንፍ ጨዋታው በቴሌቪዥን ታይቶ ነበርና፣ ያ ደቃቃ ልጅ ገና በትምህርት ቤት ሳለ ስሙ ታወቀ። በዚያው ዓመት ክለቡ በሜዳ ሠራተኛነት ቀጠረው። በዚያን ጊዜ ወጣት ተጫዋች ኳስ ከመምታቱ በፊት መቀመጫ ይጠርጋል፣ የታላላቆቹን ጫማ ይወለውላል፣ ሣሩንም ይንከባከባል። በ1952 ዓ.ም. ባለሙያ ተጫዋች ሆነና፣ በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ማግሥት ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣም። ለፉልሃም 658 ጊዜ ተጫውቶ 158 ጎል አግብቷል።

የተጫወተበት ቦታ በዚያ ዘመን ቋንቋ ኢንሳይድ ሌፍት ይባላል። ለወጣቶች አንባቢዎቻችን ይህን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ቡድን አምስት አጥቂዎች ነበሩት፤ ሁለቱ በክንፍ፣ አንዱ በመካከል፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በክንፎቹና በመካከለኛው አጥቂ መካከል ይሰለፋሉ። እነዚህ ሁለቱ ኢንሳይዶች በስም አጥቂ ይባሉ እንጂ ሥራቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ኳሱን ከተከላካዮች ተቀብለው ለፊተኞቹ ማደል ነበር። ዛሬ የመሐል ሜዳ ተጫዋች የምንለው ይህንኑ ሰው ነው። በጀርባቸው 10 ቍጥር የሚለጠፍላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚሁ አንዱ ነበሩ።

ሄይንስ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ኳስ በማቀበል። የዚያ ዘመን ኳስ ከቆዳ የተሰፋ፣ ዝናም ሲመታው ውኃ ጠጥቶ የሚከብድ፣ ጭቃ ሲለብስ ደግሞ እግርን የሚያሳምም ነበር። ሜዳውም ከኅዳር ወር በኋላ እንደ ታረሰ ማሳ ይሆናል። እርሱ ግን በዚያ ጭቃ መካከል ቆሞ፣ በቀኝ እግሩም በግራ እግሩም ቢሆን፣ አርባ ሜትር የሚርቅ ኳስ ሰድዶ የክንፍ ተጫዋቹ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ካለበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ሊደርስበት ካሰበው ላይ ነው። ጓደኛው ሐሳቡን ሳይረዳለት ቀርቶ ኳሱ በከንቱ ሲወጣ፣ ሄይንስ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በቁጣ ይመለከተው ነበር። የፉልሃም ደጋፊዎች ያን አቋቋሙን እንደ ጎሎቹ ያህል ያስታውሱታል። አብሮት መጫወት ደስታም ሥቃይም ሳይሆን አልቀረም። የደጋፊዎቹ መጠሪያ ግን «ማየስትሮ» ነበር።

አሁን ወደ ደመወዙ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ተጫዋች ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይከፈለው የሚከለክል ደንብ ነበር። መጀመሪያ ልኩ በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ከብዙ ክርክር በኋላ 20 ፓውንድ ደረሰ፤ ውድድር በሚዘጋበት ወራት ደግሞ 17 ፓውንድ። ስለዚህ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሆነው ሄይንስና በአንድ ተራ ክለብ የሚጫወተው ሰው፣ ክለባቸው ከፈቀደ፣ እኩል ይከፈላቸዋል። በየቅዳሜው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ ያ ገንዘብ የት እንደሚሄድ ተጫዋቾቹ አይጠይቁም ነበር።

ከዚህም የባሰ ሌላ ደንብ ነበር። የተጫዋቹ ውል የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ውሉ አለቀ ማለት ሰውዬው ነጻ ወጣ ማለት አልነበረም። ክለቡ ካልፈቀደለት በቀር በሌላ ቦታ ሊጫወት አይችልም። ተጫዋቹ እንደ መሬቱ ርስት በክለቡ መዝገብ ተጽፎ ይኖራል። አስተውላችሁ እንደ ሆነ በዚህ ነገር ጭሰኛ ማለት ሳይቀል አይቀርም።

በ1957 ዓ.ም. የተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበርነት በጂሚ ሂል እጅ ገባ። ሂል የሄይንስ የፉልሃም ባልደረባ ነበር፤ ጺሙን ያሳደገ፣ አንደበቱ የተሳለ ሰው ነው። ማኅበሩ በየከተማው ስብሰባ አድርጎ ደንቡ ካልተሰረዘ ሥራ እንዲቆም አሳሰበ። በማንቸስተር ስለ ተደረገው ስብሰባ አንድ ወሬ ይተረካል። ከትንሽ ክለብ የመጣ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ አባቱ በከሰል ማዕድን የሚሠራ መሆኑንና የሚያገኘውም ከተጫዋች ያነሰ መሆኑን ገልጾ፣ ያለን ይበቃናል ለማለት ዳዳው። የቦልተኑ ተከላካይ ቶሚ ባንክስ ተነሣና፣ የአባትህን ሥራ እኔ ልሠራው እችላለሁ፣ አባትህ ግን ቅዳሜ ቀን በሠላሳ ሺህ ሕዝብ ፊት ስታንሊ ማቲውስን ሊያቆም ይችላልን፣ በሚል ዐይነት መለሰለት ይባላል። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ፤ ድምፁም ለአድማው ሆነ። ይህን ወሬ ባሰብሁ ቍጥር በዚያ ወጣት ላይ ለመሣቅ አይቃጣኝም፤ አባቱን አስቦ ነውና።

አድማው ለጃንዋሪ 21 ቀን 1961 ዓ.ም. ተቀጥሮ ሳለ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ክለቦቹ እጅ ሰጡ። የ20 ፓውንዱ ወሰን ተነሣ።

የፉልሃም ክለብ ሊቀ መንበር ሚስተር ቶሚ ትሪንደር በመድረክና በሲኒማ የታወቁ ቀልደኛ ተዋናይ ነበሩ። ወሰኑ ገና ሳይነሣ፣ ሄይንስ መቶ ፓውንድ የሚገባው ተጫዋች ነው፣ ደንቡ ቢፈቅድልኝ እከፍለው ነበር፣ እያሉ ይናገሩ ነበር። ደንቡ ለዘለዓለም የሚኖር ለመሰለው ሰው እንዲህ ያለ ቸርነት ምንም አያስከፍልም። ደንቡ ሲወድቅ ግን ቃሉ አፍጥጦ መጣ። በዚያው ጊዜ የጣልያን ክለቦች የእንግሊዝን ተጫዋቾች ይገዙ ነበር። ጆን ቻርልስ አስቀድሞ ወደ ጁቬንቱስ ሄዷል፣ ጂሚ ግሪቭስም በ1961 ዓ.ም. ወደ ሚላን ተሻገረ፤ ሄይንስንም የሚላን ሰዎች ይፈልጉት ነበር። ሚስተር ትሪንደር ቃላቸውን ጠበቁ፤ ደመወዙ በአንድ ጊዜ አምስት እጥፍ ሆነ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በፉልሃም በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ሌላ ጭማሪ አላየም ይባላል። ጭማሪ የምትጠብቁ ጸሐፊዎች ይህቺን ልብ በሉ።

ያ 1961 ዓ.ም. የሄይንስ ዓመት ነበር። በኤፕሪል 15 ቀን የእንግሊዝ አምበል ሆኖ በዌምብሊ ስኮትላንድን 9 ለ 3 አሸነፈ። ግሪቭስ ሦስት፣ ሄይንስ ራሱ ሁለት አገባ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ባልደረቦቹ በትከሻቸው ተሸክመው አወጡት። ከዚያ በፊትም በ1958 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረትን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስቱን ጎል ያገባ እርሱ ነበር። የጠጉር ቅባት የሚሸጠው ብሪልክሪም ፎቶግራፉን በየማስታወቂያው አወጣው፤ የእንግሊዝ ወጣት ሁሉ ራሱን እንደ እርሱ እያበጠረ ጠጉሩን ያብለጨልጭ ጀመር።

በ1962 ዓ.ም. በቺሊ በተደረገው የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ በሩብ ፍጻሜ በብራዚል 3 ለ 1 ተሸነፈች። ሄይንስ 56 ጊዜ ለአገሩ ሲጫወት፣ 22ቱን በአምበልነት፣ ይህ የመጨረሻው ሆነ። ምክንያቱም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በብላክፑል ከተማ የመኪና አደጋ ደረሰበት። የሁለት እግሩ አጥንት ተሰበረ፣ ጉልበቱም ክፉኛ ተጐዳ። ዕድሜው 27 ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ወደ ፉልሃም ሜዳ ቢመለስም፣ አዲሱ አሠልጣኝ አልፍ ራምሴ ፈጽሞ አልጠራውም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ከፉልሃም በሜዳው ላይ የተገኘው ተከላካዩ ጆርጅ ኮኸን ነበር። የ31 ዓመቱ ሄይንስ ግን ከተመልካች ወገን ሆነ።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ። ሄይንስ ለክለቡ የታመነ ስለ ነበረ ገንዘብና ዋንጫ ንቆ በፉልሃም ቀረ ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እከራከራለሁ። በ1961 ዓ.ም. የሚላን ሰዎች ሲመጡ፣ እርሱ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ መዝገቡ በክለቡ እጅ ነበር። ያ የመያዣ ደንብ በፍርድ ቤት የተነቀፈው በጁላይ 1963 ዓ.ም. ነው፤ ከኒውካስል ለመልቀቅ የተከለከለው ጆርጅ ኢስተም ከስሶ ዳኛው ዊልበርፎርስ ደንቡ ሰውን ከሥራው ያለ አግባብ የሚያግድ ነው ብለው ፈረዱለት። በ1964 ዓ.ም. የቶተንሃሙ ጆን ዋይት በጎልፍ ሜዳ ላይ መብረቅ መትቶት ሲሞት፣ ቶተንሃም በቦታው ሄይንስን ፈለገ፤ ፉልሃም አልሸጥም አለ። በሩ ከውጭ የተቈለፈበትን ሰው ቤቱን ምን ያህል እንደሚወድ በምን ትለኩታላችሁ? ይወደው ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መቶ ፓውንዱ ለውለታ ብቻ የተሰጠ አልነበረም፤ ገመዱን የሚያለሰልስ ቅባትም ነበር። ሄይንስን ሰነፍም ጻድቅም ማድረግ አያስፈልግም። በጊዜው ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ የተሻለውን ደመወዝ አግኝቶ በሚያውቀው ሜዳ ሠራ።

ዋንጫ ግን አላገኘም። ፉልሃም በ1958 እና በ1962 ዓ.ም. ለኤፍ ኤ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሁለቱም ጊዜ ከአቻ በኋላ በተደገመ ጨዋታ ተሸነፈ፤ አንዱን በማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሌላውን በበርንሊ። በ1968 ዓ.ም. ክለቡ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ በዚያው ዓመት አሠልጣኙ ቦቢ ሮብሰን ሲባረር ሄይንስ ለጥቂት ጨዋታ ቡድኑን እንዲመራ ቢደረግም በሥራው ላይ አልቆየም። በተከታዩ ዓመት ፉልሃም ደግሞ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። አሥራ ስምንት ዓመት የተጫወተው ሰው በዚያ ደረጃ ላይ ሳለ ተሰናበተ።

ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከደርባን ሲቲ ጋራ የሊግ ሻምፒዮና ሆነ፤ በዕድሜው ሁሉ ያገኘው ታላቅ ሽልማት ይህ ብቻ ነው። ሳልናገር የማላልፈው ነገር ቢኖር ያ ሊግ ነጮች ብቻ የሚጫወቱበት መሆኑ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ጉዳይ ቀድሞ ያውቀዋል፤ በ1957 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ለኢትዮጵያ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደችና ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ሄይንስ ዋንጫውን ያገኘው እንግዲህ እንዲህ ካለ ሜዳ ላይ ነው።

ኋላም በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ኖረ፤ 9 ለ 3 ያሸነፈው አገር ሰዎች በሰላም ተቀበሉት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2005፣ 71ኛ ዓመት በሞላው ቀን፣ መኪና ሲነዳ አደጋ ደርሶበት በማግሥቱ ዐረፈ። የፉልሃም ክለብ በወንዙ ዳር ባለው በክሬቨን ኮቴጅ ሜዳው የቆየውን የተመልካቾች ሰገነት በስሙ ጠራው፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከሰገነቱ ውጭ፣ ሕዝቡ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚገባበት መንገድ ላይ፣ ሐውልቱን አቆመለት።